ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ባለበት ሁሉ

ጥር 10

ለነገረኛዋ ባለሱቅ ሚስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የእማዬ ጉልበትስ ተሻለው? እኔን ካየሽኝ ደህና ነኝ፤ ካላየሽኝ ግን እንደምታውቂው ነኝ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ነው። ሌሎቹ ወጥተዋል፤ ቢሮው ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ የሚንቋቋ ማራገቢያ ነን። ደብዳቤው እንደ ወትሮው ከላይኛው ካርቶን ክዳን ሥር ተለጥፎ ይደርስሻል። ሾፌሩ ዛሬም "ስልክ የላችሁም እንዴ እናንተ?" ብሎ ሳቀብኝ። ስልክማ አለን። ግን በስልክ የምንባባለውን ታውቂዋለሽ፤ "በላህ?" "በላሁ።" "ልትተኛ ነው?" "ልተኛ ነው።" ከዚያ ዝም እንላለን፣ ለዝምታውም ሒሳብ ይቆጥርብናል።

ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ የአዲሱ ጌም ዋጋ ተቆርጧል። እኔ ትንሽ ዝቅ ይበል ብዬ ተከራክሬ ነበር። አለቃዬ ግን "በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው የቸኮለ ሰው ነው፤ የቸኮለ ሰው ዋጋ አይከራከርም። ያልቸኮለውን ኋላ በቅናሽ እንጠራዋለን" አሉ። እውነታቸውን ነው። ችግሩ የቸኮለ ሰው ሱቅ ድረስ መጥቶ ዕቃውን ካጣው ነገ አይመለስም፤ ንዴቱን ይዞ የሌላ ድርጅት ጌም ይገዛል። ስለዚህ የዘንድሮው ዋና ጣጣ ዋጋው ሳይሆን ለየትኛው ሱቅ ስንት ዲስክ ይላክ የሚለው ነው። እሱ ደግሞ እኔ ጫንቃ ላይ ወድቋል። ፋብሪካው ለመጀመሪያው ዙር የሚያትመው የተወሰነ ነው፤ ሁለተኛው ዙር የሚደርሰው ከወር በኋላ ነው። ላንዱ ስጨምር ከሌላው እቆርጣለሁ።

የጌሙ ስም "ድልድይ ጠባቂው" ነው። ተጫዋቹ ድልድይ ላይ ቆሞ ማን ይለፍ፣ ማን ይመለስ ብሎ ይወስናል። ወሬውን ስትሰሚው ምንም አይመስልሽም፤ እኔ ግን ልሞክረው ብዬ ተቀምጬ ምሳ አምልጦኛል።

ከእህትሽ ሠርግ ስለመቅረቴ አሁንም ይቅርታ። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፣ "ጌሙ ሊወጣ ሲል?" ተባልኩ። ድርጅቱ ወደዚህ ሲያዛውረኝ "ለአንድ ዓመት ብቻ" ማለቱን ሳስታውስ ያስቀኛል። አንቺም ሱቅሽን፣ እማዬም ቤቷን ትታችሁ እንደማትመጡ አውቃለሁ፤ አልጠይቃችሁምም።

አንድ ወሬ አለኝ። አሁን አልነግርሽም፤ ጌሙ ወጥቶ ወሩ ሲሞላ ጠይቂኝ። ብትቆነጥጪኝም አልናገርም። እስከዚያ የትእዛዝሽን ቁጥር ላኪልኝ፤ ያልሽውን እልካለሁ።

ያንቺው ዕቃ አካፋይ


ጥር 17

ለዕቃ አካፋዩ ባሌ፣

አልታመምኩም። ያንን ወሬ ያቀበሉህ እናትህ ናቸው። አንድ ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ ብተኛ "ሚስትህ ከሳች፣ ምግብ አስጠላት" ብለው ደወሉልህ አይደል? አልከሳሁም፤ እንዲያውም ያ ሰማያዊ ቀሚሴ እንቢ ብሎኛል። ባሏ ከሄደ ሦስተኛ ዓመቷን የያዘች ሴት አንድ ቀን ብትተኛ ምን ነውር አለው?

ጣሪያው ተጠግኗል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አምጥታልኝ ነው። ሲጨርስ "ባለቤትሽ የት ነው?" አለኝ። "ጌም ያካፍላል" አልኩት። "ለማን?" ሲለኝ "ከኔ በቀር ለሁሉም" አልኩት። ሰውዬው መሰላሉን ተሸክሞ ሄደ።

ባለፈው ዓመት የወደቀው ያ የበረዶ ሩጫ ጌም ትዝ ይልሃል? ድርጅታችሁ ስሙ ሲነሳ እንደማይወድ ነግረኸኛል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሰው ሁሉ አልገዛም ብሎ መደርደሪያዬ ላይ ሲንገዋለል ከረመ፤ ከዚያ ያ የጥንት ደንባችሁ መጣልኝ። "ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ባለበት ሁሉ ያካፈለው ሰው ራሱ ሄዶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ ዋጋውን በእጁ ይቀንስ።" የድርጅቱ መሥራች "የላከው ይፈርበት" ብለው ያወጡት ቅጣት ነው ብለኸኝ ነበር። ቅጣት! ሳምንት ሙሉ ከሱቄ ወለል ላይ ተቀምጠህ የቅናሽ ወረቀት ስትለጥፍ፣ አንዱን ለጥፈህ አጣመምኩት እያልክ ስትልጥ፣ እናትህ "ይሄ ልጅ ምነው እጁ ዘገየ?" ሲሉ። ከተጋባን ጀምሮ ካየሁት ሳምንት ሁሉ እሱ ይበልጥብኛል። ከዚያ በኋላ የላክህልኝ ሁሉ ሙልጭ ብሎ ተሸጠ። ሌላው ባለሱቅ ቢሆን ይፈነድቅ ነበር።

ወሬህን ደብቅ፤ እኔ ለወሬ የምሞት ሰው አይደለሁም። ትእዛዜ ግን ሁለት መቶ ዲስክ ነው። አትደንግጥ። የጨርቃጨርቅ ፋብሪካው አዲስ ሠራተኛ ቀጥሯል፤ ሁሉም ወጣት፣ ሁሉም ደሞዝተኛ ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ይህን የሚያህል ጌም አውርድ ቢሉት ያለቅሳል፤ ስለዚህ ዲስክ መግዛታቸው የግድ ነው። ሁለት መቶ፤ አንድም እንዳታጎድል።

አንተ ናፈቅሽኝ አትለኝም? ናፍቀኸኛል። ይኸው አልኩት።

ባለሱቋ


ጥር 24

ለሚስቴ፣

አዎ፣ ተፈርሟል፤ ሁለት መቶው ለአንቺ ተጭኗል። የቆረጥኩት በአንቺና በኔ መሃል ባለችው በጣቢያው ከተማ፣ ባቡር ፌርማታው ፊት ለፊት ካሉት ሁለት ትልልቅ ሱቆች ላይ ነው። አለቃዬ ወረቀቱን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ከተማዋ እኮ መዳፍ ታህላለች። ሚስትህ ስለሆነች ነው?" አሉኝ። "ሚስቴ ስለሆነች ሳይሆን ተሳስታ ስለማታውቅ ነው" አልኳቸው፣ አፌን ሞልቼ። ፈረሙ።

አንድ ምክር ልስጥሽ፣ ለአንቺ ምክር አያስፈልግሽም እንጂ። ሁሉንም የሱቅሽ ማሳያ መስታወት ውስጥ እንዳትከምሪው። ክምር ያየ ሰው "ይሄማ ዋጋው መውረዱ አይቀርም" ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ይመልሳል። ጥቂት ያየ ግን ይሻማል። ጥቂት ጥቂት እያልሽ አውጪው።

ክፍልህ እንዴት ነው ብለሻል። አልጋ አለ፣ ጠረጴዛ አለ፣ መስኮቱን ስከፍተው የጎረቤት ግድግዳ አለ። ባለፈው ሳምንት ሻይ የምጠጣበት ኩባያ ልገዛ ሄጄ ሻጩ "የምንሸጠው ጥንድ ጥንዱን ነው" አለኝ። ሁለት ገዛሁ። አንዷን እጠጣባታለሁ። ሁለተኛዋን ማንም ሳይጠጣባት እሁድ እሁድ አጥባታለሁ፤ አቧራ እንዳይዛት ብዬ ነው። አትሳቂብኝ። ደግሞ ሳቂ፣ ሳቅሽን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

አንቺም ናፍቀሽኛል። አንቺ ስላልሽው እንዳይመስልሽ፤ ባትዪም እል ነበር።

ዕቃ አካፋዩ


የካቲት 8

ለባሌ፣

ስንት ተሸጠ ላልከኝ፦ ደህና ነው። ከዚህ በላይ አትመርምረኝ።

የመስታወቱን ነገር ሾፌሩ ነው የነገረህ፤ እሱ ከካርቶን ይልቅ ወሬ መጫን ይቀናዋል። አዎ፣ ከወለሉ እስከ ደረቴ ድረስ ደርድሬዋለሁ። ጓዳው በእናትህ ዕቃ ስለተሞላ የት ላድርገው? አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ትናንት አንድ የፋብሪካ ወጣት ገብቶ አንዱን አንስቶ ገለባበጠውና ክምሩን ከላይ እስከ ታች አይቶ አፏጨ። "እናቴ ትሙት፣ ይሄ የሚቀጥለው ወር በግማሽ ዋጋ ነው" ብሎ አስቀምጦት ወጣ። ሌሎቹም እንደሱ ናቸው። እኔም አላስጨንቃቸውም፤ ደንበኛ ንጉሥ ነው።

እናትህ አንዱን ከፍተው መጫወት ጀምረዋል። "ለገዢ ማሳያ ነው" ብዬ ነበር የከፈትኩት፤ አሁን ገዢ ቢመጣ እንኳ አያስነኩትም። ድልድያቸውን ማንም አያልፍም። ነጋዴ መጣ፣ መለሱት። ሙሽራ መጣች፣ መለሷት። "የማን ልጅ እንደሆነች ሳላውቅ?" ይላሉ። ጌሙ በተሸነፉ ቁጥር ይጮኻል፣ እሳቸውም መልሰው ይጮኹበታል። ጉልበታቸውን ረስተውታል።

ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥቻለሁ። ሸሚዞችህን ከሣጥን አውጥቼ ተኩሻለሁ፤ የግራጫውን ቁልፍ ልብስ ሰፊዋ ተክታልሃለች። ለምን አትበለኝ። አንተ ብቻ የቅናሽ ወረቀቱ መቼ እንደሚታተም ንገረኝ።

ባለሱቋ


የካቲት 15

ለሚስቴ፣

አይ፣ አልተቆጣሁም። ስልኩን ቶሎ የዘጋሁት ይህን ልጽፍልሽ ነው። ያንን የደበቅሁትን ወሬ ወሩ ሳይሞላ ልነግርሽ ነው፤ ከእንግዲህ መደበቁ ለማን ይጠቅማል?

ፌርማታው ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ ሱቆች ጌሙ በወጣበት ቀን ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ባዶ ቀሩ። ወረፋው መንገድ ተሻግሮ ነበር አሉኝ። የቆመው ሰው ሁሉ በሙሉ ዋጋ ሊገዛ ገንዘቡን ጨብጦ ነው። ባለሱቆቹ ደወሉልኝ፣ የምልክላቸው የለኝም። በማግስቱ ከዚያ ወረፋ ብዙው ሰው እዚያው መንገድ ላይ የሌላ ድርጅት ጌም ገዝቶ ቤቱ ገባ። አንቺ ጋ ደግሞ መስታወቱ እንደሞላ ነው። ፈላጊ ባለበት ዕቃ የለም፣ ዕቃ ባለበት ፈላጊ የለም፤ ያደረገውም የኔ ፊርማ ነው።

ወሬው ይህ ነበር። ድርጅቱ አንቺ ባለሽበት አካባቢ ማከፋፈያ መጋዘን ሊከፍት አስቧል። አለቃዬ "ይህ ጌም በመጀመሪያው ወር በሙሉ ዋጋ ተሸጦ ካሰብነው ከደረሰ መጋዘኑን እንከፍታለን፤ ኃላፊው አንተ ነህ" አሉኝ። ቤቴ ማለት ነው። ጠዋት ካንቺ ጋር ወጥቼ ማታ ካንቺ ጋር መግባት ማለት ነው። የመጋዘኑን ቁልፍ ይዤ ሱቅሽ ገብቼ፣ እንደማንም ገዢ "ጌም አለሽ?" ልልሽ ነበር ሐሳቤ። ስንት ጊዜ በመስታወት ፊት እንደተለማመድኩት ብታይ ዕድሜ ልክሽን ትስቂብኝ ነበር።

ወሩ ሊሞላ ጥቂት ቀን ይቀረዋል፤ አያያዙ ግን አያምርም። የቅናሽ ወረቀቱን ለጠየቅሽኝ፦ ወሩ ሳይሞላ ዋጋው አይነካም።

እሁድ ኩባያዋን አላጠብኳትም።

ባልሽ


የካቲት 17

ባሌ፣

ሾፌሩ ሞተሩን አላጠፋም፤ ሰላምታው ይቅርብን።

ሆን ብዬ ነው። ሁለት መቶ ያልኩህ ሆን ብዬ ነው። ይህች ከተማ የሁለት መቶውን ሩብ ከገዛች ተአምር እንደሆነ እያወቅሁ ነው። መስታወቱን የሞላሁትም ሆን ብዬ ነው። "ክምር ያየ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ይመልሳል" ስትለኝ እሰይ አልኩ፤ ምክርህን ይዤ ተቃራኒውን ሠራሁበት። ዕቃው እንዲቀርልኝ፣ ያ ደንባችሁ እንዲይዝህ፣ አንዲት ሳምንት መጥተህ ወለሌ ላይ እንድትቀመጥልኝ ነው። የሳምንት እንግዳ ልጠራ ብዬ የዕድሜ ልክ ባሌን ከመንገድ መለስኩት።

ምነው ያኔ በነገርከኝ! ምነው እኔም ናፍቆቱ በዛብኝ፣ ና ብዬ በለመንኩህ! አንተም ደብቀህ፣ እኔም ደብቄ፣ ተደባብቀን ገደል ገባን።

አሁን የምሠራውን ልንገርህ። ካርቶኖቹን መልሰን መኪናው ላይ ጭነናል። ሾፌሩ በጣቢያው ከተማ ስለሚያልፍ እኔም አብሬው እሄዳለሁ። ለሁለቱ ሱቆች በገዛሁበት ዋጋ አስረክባቸዋለሁ፤ እነሱ በሙሉ ዋጋ ይሽጡት። የቀዘቀዘው ሰው ይሞቅ እንደሆነ እናያለን። እናትህ "ሂጂ፣ ሱቁን እኔ አለሁ" ብለዋል። ድልድይ የጠበቁ ሱቅ አያቅታቸውም።

ማረኝ ልልህ አፈርኩ። ካርቶኖቹ ይለምኑልኝ።

ሚስትህ


መጋቢት 2

ለሚስቴ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገርሽ። ከፌርማታው ባለሱቆች አንዱ ደውለውልኝ ነበር። "አንዲት ሴት በጭነት መኪና መጣች፣ ራሷ አወረደች፣ ራሷ ደረደረች። ሻይ ጠጪ ብንላት 'ባሌ ጋ ብቻ ነው የምጠጣው' ብላ ሄደች። ምንህ ናት?" አሉኝ። ሳቄን ለቀቅሁት፤ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነብኝና ስልኩን ዘግቼ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ።

ሽያጩ ካሰባችሁት ደረሰልህ ወይ ላልሽኝ፦ አልደረሰም። ያመጣሽው አንድም ሳይቀር በሙሉ ዋጋ ተሸጧል፤ ካንቺ ማንም ይህን አይወስድብሽም። ግን ከዚያ ወረፋ የቀዘቀዘው ቀዝቅዞ ቀረ። የጎደለው ጥቂት ነው። ጥቂት መሆኑ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ ተኝቼ አድር ነበር። አለቃዬ ወረቀቱን አይተው "ለከርሞ እናያለን" አሉ። የሳቸው ከርሞ ስንት ዓመት እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚ። ሁለት መቶ ስትዪኝ ብዙ መሆኑን ያላወቅሁ መሰለሽ? ይህ እኮ እንጀራዬ ነው። የከተማሽን ገበያ እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። አለቃዬ ፊት "ተሳስታ አታውቅም" ብዬ ስምል እያወቅሁ ነው። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ተንጠልጠል ይባል የለ? ከተሸጠ ለሁልጊዜ እመጣለሁ፣ ካልተሸጠ ለሳምንት እመጣለሁ ብዬ ነው የፈረምኩት። አንዱ ባላ ሌላውን ሊሰብረው እንደሚችል ግን ልቤ ልብ አላለም። ስለዚህ ጥፋቱን ብቻሽን አትሸከሚ፤ ግማሹን ለባለቤቱ መልሺ።

አሁን ሁለቱም ባላ የለም። ዕቃሽ ስላለቀ ደንቡም አይልከኝም። የሚቀጥለው ጌም የሚወጣው ክረምቱ ሲያልፍ ነው፤ እስከዚያ ፈቃድ የሚባል ነገር እንዳላነሳ ተነግሮኛል።

አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ። ጣቢያው ድረስ መጥተሽ ነበር። ከዚያ እኔ ጋ በባቡር የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ለምን አልመጣሽም?

ባልሽ


መጋቢት 9

ለባሌ፣

እመልስልሃለሁ። ባቡሩ ቆሞ ነበር፤ የከተማህ ስም ፊቱ ላይ ተጽፎበታል። እጄ የካርቶን አቧራ ነው፣ ፀጉሬ ተበትኗል፣ ግን እግሬ ሳይጠይቀኝ በሩ ድረስ ወሰደኝ። ትኬት ቆራጩ "እህቴ፣ ትሳፈሪያለሽ?" አለኝ። እናትህ ብቻቸውን መሆናቸው ትዝ አለኝ። እሱ ምክንያት ነው፣ ውሸት አይደለም። እውነቱ ግን አፈርኩ። መጋዘንህን አፍርሼ፣ ባዶ እጄን በርህን አንኳኩቼ ምን ልበልህ? "አልሳፈርም" አልኩት። ባቡሩ ሲሄድ አልቅሼ ሾፌሩን ጉንፋን ይዞኛል አልኩት። እሱም ደግ ሰው ነው፣ መንገዱን አጥፎ ቤቴ እስኪመልሰኝ ድረስ ስለ ጉንፋን መድኃኒት ሲያወራልኝ መጣ።

ያንተን ሁለት ባላ ሳነብ መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ሳቅሁ። ከዚያ ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ለእናትህ አነበብኩላቸው። "ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል" ብለው ድልድያቸውን መጠበቅ ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው ግን ጌሙን አቁመው ተነሱ፤ ጓዳ ገብተው ከብርድ ልብሳቸው ሥር አንድ ነገር ይዘው ወጡ። ያልተከፈተ ዲስክ ነው። ካርቶኖቹን በምጭንበት ቀን አንዱን አውጥተው ደብቀውት ነበር። "እማማ፣ ምን ሊያደርጉት?" አልኳቸው። "ሁሉንም ጭነሽ ከሄድሽ ልጄን በምን ልትጠሪው ነው?" አሉኝ። ለካ ሁለት መቶ ዲስክ ካዘዝኩበት ቀን ጀምሮ ነገሩ ገብቷቸው ዝም ብለውናል።

አሁን ስማኝ። ወሩ ሞልቷል፣ ዋጋው መነካት ይችላል። ደንባችሁን ደግሞ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ "ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ ባለበት ሁሉ" ይላል እንጂ ስንት እንደሆነ አይልም። እኔ ጋ ሳይሸጥ የቀረ ዕቃ አለ፤ አንድ ነው። ለአለቃህ ይህንኑ የሚል ማመልከቻ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። መሥራቹ ያወጡትን ደንብ አለቃህ ከሻሩት፣ እሺ፣ እኔ እመጣለሁ። ከእንግዲህ የሚያሳፍረኝ የለም።

ዲስኳ መስታወቱ መሃል ብቻዋን ቆማለች። ያ የሚያፏጨው የፋብሪካ ወጣት ትናንት እየሮጠ መጥቶ "በሙሉ ዋጋ ልውሰዳት፣ ከፈለግሽም እጨምራለሁ" አለኝ። "አትሸጥም" አልኩት። "ታዲያ ለምን አወጣሻት?" አለኝ። "ባሌ አይቷት ዋጋዋን እስኪቀንስ ነው" ስለው ራሱን እየነቀነቀ ወጣ።

ያቺን ሁለተኛዋን ኩባያ ይዘሃት ና። የቅናሽ ወረቀት አንድ ይበቃል፤ ግን ስትለጥፋት ቀስ ብለህ ለጥፋት፣ ከተጣመመችም ልጠህ ድገማት።

ሚስትህ